ከሐዲዱ ማዶ የነበሩት ጎረቤቶቻችን

ባለፈው ኅዳር ለአንድ ዘመድ ለቅሶ ወደ አዳማ ወርጄ ነበር። ከጣቢያው ወጥቼ በእግሬ ሳዘግም ከሐዲዱ ማዶ የቤት መሠረት የሚቆፍሩ ሰዎች አገኘሁ። የሚያወጡት አፈር ጥቁር፣ እርጥብና የሚያጣብቅ ነው። ሽታው ሲደርሰኝ ቆምኩ። ቆፋሪዎቹ መንገድ የጠፋኝ መስሏቸው «እማማ፣ ማንን ፈልገው ነው?» አሉኝ።

«ማንንም» አልኳቸው።

ምን ልበላቸው? የምፈልጋቸው ሰዎች እዚያ ቦታ ላይ የኖሩት ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው፤ ያውም ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው።

ያኔ ከተማዋ ናዝሬት አልተባለችም፤ አዳማ ብቻ ነበረች። ባቡር ጣቢያው፣ ከፊት ለፊቱ የግሪኮችና የአረቦች ሱቆች፣ ከኋላው እንደ እኛ ያሉ የሠራተኛ ጎጆዎች፣ ከዚያ ወዲያ ግራርና አቧራ። አባቴ የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ ስለነበር ሰኞ ወደ አዋሽ በኩል ይወርድና ቅዳሜ ይመለሳል። ሳምንቱን ቤት የምንውለው እናቴ ደብሪቱ፣ እኔና ገና መዳህ የጀመረው ወንድሜ ጌታሁን ነን። ዕድሜዬ ሰባት ይሁን ስምንት እርግጠኛ አይደለሁም፤ የፊት ጥርሶቼ ግን ወልቀው እንደነበር አስታውሳለሁ፤ በኋላ ጓደኛዬ የሆነችው ጥሩዬ በእነሱ ትስቅብኝ ነበርና።

በግንቦት መጨረሻ ከሐዲዱ ማዶ፣ በኦቦ ገመቹ ማሳ ዳር አዲስ ጎጆ ተቀለሰ። ኦቦ ገመቹ ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት ጀምሮ እዚያው የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። አማርኛቸው አጭር፣ ኦሮምኛቸው ረጅም ነው፤ እናቴ ጠዋት «አካም ቡልታን» ስትላቸው ከሚስታቸው ጀምረው እስከ ጥጃዎቻቸው ድረስ የሁሉንም ደህንነት ይነግሯታል። ቦታውን የሰጡት እሳቸው ናቸው። ጎጆ የቀለሱት ደግሞ ከጎንደር በኩል የመጡ ሦስት ሰዎች ነበሩ፦ ቀጥቃጩ ጋሽ ተገኘ፣ ሸክላ ሠሪዋ ሚስታቸው እትዬ መልኬና እኩያዬ የሆነች ልጃቸው ጥሩዬ።

ሰፈሩ ስም ለመስጠት አልዘገየም። ፈላሻ ናቸው ተባለ። አይሁድ ናቸው ተባለ። ከሁሉም በላይ ግን ቡዳ ናቸው ተባለ። እነሱ ራሳቸውን ቤተ እስራኤል እንደሚሉ ያወቅሁት ከጥሩዬ አፍ ነው፤ ሰፈሩ ውስጥ ግን በዚህ ስም የጠራቸው ሰው አልሰማሁም። እናቴም ከሰው የተለየች አልነበረችም። እነሱ በመጡ በሳምንቱ ለእኔም ለጌታሁንም አዲስ ክታብ አሰርታ አንገታችን ላይ አንጠለጠለችው።

«ከዚያች ልጅ ጋር ተጫወቺ፤ ችግር የለውም። እናትየዋ ግን ስትበዪ እንዳታይሽ» አለችኝ።

ቡዳ ጅብ እንደሚሆን ሰምቼ ነበርና የመጀመሪያውን ሳምንት ያሳለፍኩት የጥሩዬን ጭራ በመፈለግ ነው። ወደ ወንዝ ስንወርድ «አንቺ ቅደሚ» እላታለሁ። እሷም ትቀድማለች። ሁለት ሦስት ቀን እንደዚህ ካደረግን በኋላ ዞር ብላ «ለምንድን ነው ሁልጊዜ ከኋላ የምትሆኚው?» አለችኝ።

«ጭራሽን ላይ ብዬ።»

ቀሚሷን በእጇ ዳበስ ዳበስ አድርጋ «እኔ የለኝም፤ አንቺስ?» አለች። ከምሯ ነበር የጠየቀችኝ። እኔም ደንግጬ ዳበስኩ። ከዚያ በኋላ ጎን ለጎን ነው የሄድነው።

የጥሩዬ ሥራ አፈር ማምጣት ነው። ከኦቦ ገመቹ ማሳ በታች ካለው ቦረቦር ጥቁሩን አፈር ቆፍረን፣ በቅርጫት ተሸክመን እናወጣለን። የተሰበረ ገል በድንጋይ ወቅጠን፣ ነፍተን ከጭቃው ጋር እንቀላቅላለን። እትዬ መልኬ ጭቃውን በእግሯ ትረግጠዋለች፤ ስትረግጥ በአፍንጫዋ ታንጎራጉራለች። ከዚያ እንስራውን ከታች እየጀመረች፣ እሷ እየዞረች ታሳድገዋለች። እንስራው ባለበት ቆሞ ሴትዮዋ የምትዞርበት ሥራ ስለነበር፣ የምትጨፍር ይመስለኝ ነበር። ሲደርቅ እኔና ጥሩዬ ከወንዝ በለቀምነው ለስላሳ ጠጠር እስኪያብረቀርቅ እናሸዋለን። እጄ ለቀናት አፈር አፈር ይሸታል። እናቴ ስታጥበኝ ታጉረመርማለች፤ እኔ ግን ብርድ ልብሱን ተከናንቤ መዳፌን አሸት ነበር።

አንድ ቀን አንዲት የሰፈር ሴት «አይሁድ አይደሉ ጌታን የቸነከሩት!» ስትል ሰማሁ። በማግስቱ ጋሽ ተገኘ ወናፋቸው አጠገብ ቁጭ ብለው ሚስማር ይቀጠቅጣሉ። የሠሩትን ሚስማር በዐይኔ ቆጠርኩ፤ ብዙ ነበር።

«ጋሽ ተገኘ፣ ጌታን የቸነከሩት እርስዎ ነዎት?» አልኳቸው።

መዶሻቸውን አቆሙ። አንዱን ሚስማር አንስተው መዳፌ ላይ አስቀመጡት። ገና ሙቀቱ አልበረደም ነበር።

«ይኼ ለጣቢያው በር ነው» አሉ። «ያኛውም የኦቦ ገመቹ ሞፈር ላይ የሚመታ ነው። እኔ ሰው ላይ የሚመታ ሠርቼ አላውቅም፣ ልጄ።»

አመንኳቸው። ሆኖም ጌታን የቸነከረው ሌላ ቀጥቃጭ መሆን አለበት ብዬ ደመደምኩና፣ ያ ሰው አዳማ እንዳይመጣ ስሰጋ ሰነበትኩ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከሐዲዱ ማዶ ስመለከት ከጎጆዋቸው ጭስ አይወጣም። ባለፈው ቅዳሜም አልወጣም ነበር። እሳት አጥተው እንደሆነ ገባኝ። ከምድጃችን ፍም በገል ቆንጥሬ፣ በአመድ ሸፍኜ፣ እየሮጥኩ ወሰድኩላቸው። እትዬ መልኬ ነጭ ለብሳ ደጅ ተቀምጣ ነበር። ገሉን ስታይ ብድግ አለች፤ አልተቀበለችኝም።

«እዚያ አፈር ላይ አስቀምጪው የኔ ልጅ። ዛሬ ሰንበታችን ነው፤ እሳት አንነካም።»

«ሰንበት እኮ ነገ ነው» አልኳት። ከሩቅ አገር ሲመጡ መንገድ ላይ ቀን ተሳስቶባቸው እንደሆነ ገምቼ አዘንኩላቸው። ጣቶቼን እየቆጠርኩ አስረዳኋት፤ ትናንት ዓርብ፣ ዛሬ ቅዳሜ፣ ነገ እሑድ። እሷም እስክጨርስ በትዕግስት ሰማችኝና ትናንት ከጋገረችው ዳቦ ቆርሳ፣ እጇ እጄን ሳይነካ፣ ቅጠል ላይ አድርጋ ሰጠችኝ። ለምን እንደማትነካኝ ጥሩዬን ስጠይቃት «ከነካችሽ መታጠብ አለባት» አለች። እኔ ቆሻሻ ሆኜ ነው ብዬ ተቀየምኩ። ቤት ሄጄ ለእናቴ ስነግራት ሳቀች፤ «እኛ እነሱን እንፈራለን፣ እነሱ ደግሞ እኛን ይጸየፋሉ፤ እኩል ነን» አለች። ከዚያ ሳቋ ቀዝቀዝ ሲል «እነሱ ግን ክታብ አላሰሩብንም» ብላ ጨመረች።

ክረምቱ እንዲህ አለፈ። አሁን ሳስበው ሙሉ ዕድሜዬን እዚያ ቦረቦር ውስጥ ያሳለፍኩ ይመስለኛል። ጥሩዬ ከጭቃ ትንንሽ በሬዎች ትሠራለች፤ አንዱ በሬ ቀንዱ ከተሰበረ «ሸምግሏል» ትልና ከሌሎቹ ፊት ታቆመዋለች። ባቡሩ ሲጮህ ሁለታችንም ጆሯችንን ይዘን እኩል እንጮሃለን፤ ማን የበለጠ እንደጮኸ ማንም አይሰማም።

በዚያው ክረምት የሰፈሩ ሹም ለአዲሱ ቤቱ ግንብ ጭቃ የሚያወጣበት ትልቅ ጉድጓድ ከሠራተኛ ጎጆዎቹ ጀርባ አስቆፍሮ ነበር። ዝናቡ ሞላው። መስከረም ሲጠባ ውኃው አረንጓዴ ሆነ፤ ጥቅምት ላይ ንዳድ ገባ። መጀመሪያ የጎረቤታችን የእትዬ አጸደ ባል ተንቀጥቅጦ ተኛ። ከዚያ ሁለት የሐዲድ ሠራተኞች ሞቱ። አልፎ አልፎ በባቡር የሚመጣ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ጉድጓዱን አይቶ በአስተርጓሚ ተናገረ፤ ትንኙ የሚፈላው እዚህ ነው፣ ድፈኑት አለ። ጥቂት መራራ ኪኒን ሰጥቶ ሄደ።

ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ማንም ግን ሹሙን ደፍሮ አልተናገረም። የተናገሩት ጋሽ ተገኘ ናቸው፤ እሳቸውም ጮኸው አይደለም። በገበያው መሃል «አካፋ የሌለው ሰው ይምጣ፤ እሠራለታለሁ። ጉድጓዱን በሁለት ቀን እንደፍነዋለን» አሉ። ሰባት ስምንት አካፋ ሠርተው በራቸው ላይ ደረደሩ። ሹሙ በበቅሎው ሲያልፍ አካፋዎቹን አየ። በቅሎውን ኮልኩሎ አለፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ከሹሙ ቤት አዲስ ወሬ ይወጣ ጀመር፦ ንዳዱ የመጣው እነዚያ ሰዎች ከመጡ ወዲህ አይደል?

ሰው ይህን ሲሰማ የቀለለው ይመስል ነበር። ሹም ከመክሰስ ሸክላ ሠሪ መክሰስ ይቀላል።

ወንድሜ ጌታሁን የታመመው በዚያው ሰሞን ነው። ቀትር ላይ ሰውነቱ ይቃጠላል፣ ከዚያ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ በላብ ይጠመቃል። እናቴ ውኃ ልታመጣ በሄደችበት እትዬ አጸደ ልትጠይቀን መጣች። ቁጭ አለችና ወደ ራሷ ሳበችኝ። ማንም ትልቅ ሰው እንደዚያ ቀርቦ አዋርቶኝ አያውቅም።

«አንቺ እዚያ ቤት ስትገቢ ስትወጪ ነው የምትውዪው። ምን አየሽ? ንገሪኝ የኔ ቆንጆ።»

ያየሁትን ነገርኳት። እትዬ መልኬ በሐዲዱ በኩል ስታልፍ ጌታሁንን አይታ «ዐይኑ እንዴት ያምራል!» እንዳለች ነገርኳት። በወር በወር ከጎጆዋቸው ፈንጠር ብላ በድንጋይ የተከበበች ትንሽ ቤት ውስጥ ለብቻዋ ለቀናት እንደምትቀመጥ፣ ማንም እንደማይጠጋት፣ ምግቧን ድንጋዩ ላይ እንደሚያስቀምጡላት ነገርኳት። ጥሩዬ የሴቶች ወግ እንደሆነ ልታስረዳኝ ሞክራ ነበር፤ እኔ ግን አልገባኝም ነበርና ያን ክፍል ተውኩት። ቅዳሜ እሳት እንደማይነኩም ነገርኳት። አንድም ውሸት አልተናገርኩም። እስከ ዛሬ የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው። እትዬ አጸደ ጭንቅላቴን ዳብሳ ስትወጣ ኮርቼ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሹሙ ራሱ በራችን ላይ ቆመ። እትዬ አጸደ ከኋላው ናት።

«ደብሪቱ፣ ልጅሽን ማን እንደበላው አውቀናል። ልጅሽ ራሷ መስክራለች» አለ። «አንቺ አንድ ቃል ብቻ በዪ። የታመመው ያንቺ ልጅ ነው፤ አንቺ ካልሽ ሁሉም ያምናል።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷን እስካሁን አልረሳሁትም፤ ቁጣ አልነበረበትም። ጌታሁንን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ «ልጄ እያቃሰተ ነው ጌታዬ፤ ተዉኝ» አለች። ከዚያ በላይ አልተናገረችም። ሹሙ ትንሽ ጠብቆ ራሱን ነቀነቀና ሄደ።

የገበያ ቀን ነበር። ከቀትር በኋላ ጩኸት ሰማን። የእትዬ አጸደ ልጅ እየሮጠ አልፎ «ቡዳዎቹን ሊያቃጥሉ ነው! ደብሪቱ መስክራባቸዋለች!» እያለ ይጮሃል።

እናቴ ሦስት እርምጃ ወደ በሩ ሄደች፤ ተመለሰች፤ ጌታሁንን አንስታ አዘለችው። ነጠላዋን እንኳ አልለበሰችም። እኔ ተከተልኳት።

ስንደርስ ገበያ ሊወጣ የተደረደረው ሸክላ በሙሉ እንክትክቱ ወጥቷል። እኔና ጥሩዬ በጠጠር ያሸናቸው እንስራዎች ገል ሆነው ከእግር በታች ይንኮሻኮሻሉ። ጋሽ ተገኘ ግንባራቸው ተፈንክቶ ደማቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል፤ በሩን በጀርባቸው ደግፈው ቆመዋል። እትዬ መልኬ ጥሩዬን ከኋላዋ ሸሽጋለች። ሰው ድንጋይ ይዟል፤ አንዱ የሚነድ ችቦ ይዟል። ሹሙ ከበቅሎው አልወረደም። በግራ በኩል ኦቦ ገመቹ ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ዱላቸውን ተመርኩዘው በጎጆውና በችቦው መሃል ቆመዋል፤ «ኬሱማ ኮቲ! እንግዳ የኔ ነው!» እያሉ ደጋግመው ይናገራሉ፤ የሚሰማቸው ግን የለም።

«አሳልፉኝ!» አለች እናቴ። ሰው ዞሮ ሲያያት ከሳሿ መጣች ብሎ መንገድ ለቀቀላት። መሃል ገብታ ቆመች።

«ደብሪቱ መሰከረች ያለው ማን ነው?»

ሹሙ ከበቅሎው ላይ ሆኖ «ስጠይቅሽ ዝም ካልሽ ምን ማለት ነው ታዲያ?» አላት።

«ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው። እርስዎን ፈርቼ። አሁንም እፈራለሁ።» ከዚያ ወደ እትዬ መልኬ ዞራ ጌታሁንን ከጀርባዋ አወረደችው። «መልኬ፣ እንኪ፣ ያዥልኝ።»

እትዬ መልኬ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ድምፅዋ አይሰማም ነበር፤ እኔ ግን ቅርብ ስለነበርኩ ሰማኋት። «አይሆንም ደብሪቱ። እጄ ላይ ቢሞትስ?»

«ቢሞትም አንቺ አልገደልሽውም። እንኪ።»

እትዬ መልኬ እጇን ዘረጋች። ያን ቀን ከእኛ ወገን የሆነን ሰው ስትነካ ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋት። ጌታሁን አንገቷ ሥር ተለጠፈ፤ ትኩሳቱ አድክሞት ነበርና ዐይኑን ጨፈነ። ሕዝቡ አንገቱን አሰገገ። አንድ ነገር እስኪሆን የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ምንም አልሆነም። ሕፃኑ ብቻ ተነፈሰ።

«ዛሬ ጠዋት ውኃ የጠጣችሁት በማን እንስራ ነው?» አለች እናቴ። «አጸደ፣ ያንቺን ማን ሠራልሽ? ወጥሽን በማን ድስት ሠራሽ? ዐይኗ የሚገድል ቢሆን እጇስ? አምስት ወር ሙሉ ከእጇ ስትበሉ ስትጠጡ የቆያችሁ ሰዎች ናችሁ። የሞቱት ሁሉ ቤታቸው የት ነው? ጉድጓዱ ዳር። ይህችን ሴት ተዉና ውኃውን ጠይቁት!»

አንዲት ሴት የያዘችውን ድንጋይ ቀስ ብላ፣ እንቁላል እንደምታስቀምጥ ሁሉ፣ መሬት ላይ አኖረችው። ሌላውም ጣለ። ችቦውን የያዘው ሰውዬ ኦቦ ገመቹን አየ፤ ኦቦ ገመቹ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሰጣቸው፤ አፈር ውስጥ ሰክተው አጠፉት። ሹሙ በቅሎውን አዞረ። ሰው እርስ በርሱ ሳይተያይ ተበተነ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ እንዴት ደስ ባለኝ። ግን በአራተኛው ቀን ወንድሜ ሞተ።

ኪኒኑ አልቆ ነበር፤ ሐኪሙም አልተመለሰም። ገና አስከሬኑ ሳይወጣ «አላልንም?» የሚል ሹክሹክታ ተነሳ። «እጇ ላይ ሰጥታው እኮ ነው፣ በገዛ እጇ!» ይባባላሉ። እናቴ ትሰማለች።

ለቅሶው ላይ እትዬ መልኬ መጣች። አስከሬን ካለበት መግባት በእነሱ ሕግ ስለማይፈቀድ ከአጥራችን ውጭ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ከውስጥ ያሉት ሴቶች በቀዳዳ እያዩ «አየሻት? በድላ እኮ ነው መግባት ያቃታት» አሉ። እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ሊይዟት ሞከሩ፤ አልተያዘችም። በባዶ እግሯ ወጥታ ከአጥሩ ውጭ፣ ከእትዬ መልኬ አጠገብ አፈር ላይ ተቀመጠች። በመካከላቸው አንድ ክንድ ያህል ነበር። አልተነካኩም። አንዷ በጎንደር ዜማ፣ አንዷ በሸዋ ዜማ አብረው አለቀሱ። ቀብሩ እስኪወጣ እናቴ ወደ ውስጥ አልተመለሰችም፤ ሊያስተዛዝን የመጣው ሰው ሁሉ ወደዚያው እየወጣ፣ በሁለቱም ፊት እያጎነበሰ ነው ያለፈው።

አባቴ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር የጋሽ ተገኘን አካፋዎች ይዞ ጉድጓዱን ደፈነው። ሹሙ ከቤቱ አልወጣም፤ ከሹመቱም አልወረደም።

ኅዳር ሲገባ ግን እትዬ መልኬ ገበያ ይዛው የወጣችው ሸክላ እንዳለ ተመልሶ ይገባ ጀመር። ማንም አይሰድባትም፤ ማንም ደግሞ አይገዛላትም። ልጆች ጥሩዬ ላይ ጠጠር ይወረውራሉ። አንድ ቀን ጥሩዬ ቦረቦሩ ውስጥ ቁጭ ብላ «አባቴ አዲስ አበባ እንሄዳለን አለ። የእኛ ሰዎች እዚያ ቤት የሚሠሩ አሉ» አለችኝ። ጉድጓድ ውስጥ የወደቅሁ መሰለኝ።

የሄዱበት ቀን ጣቢያው ላይ ተገኘን። ጋሽ ተገኘ ወናፋቸውን ጠቅልለው ይዘዋል፤ ጠባሳቸው ገና ቀይ ነው። ኦቦ ገመቹ በእንስራ ሳይሆን በቅል እርጎ አምጥተው፣ በሕጋቸው ከሌላ ሃይማኖት ሰው እጅ ስለማይቀምሱ እንደማይጠጡላቸው ሲነገራቸው፣ «ለመንገድ ነው፤ መድፋትም ይቻላል» ብለው ትተውላቸው ሄዱ። ትልልቆቹ ሲሰናበቱ እኔ ጥሩዬን ወደ ጎን ሳብኳት። ከዚያ በኋላ ሌላ ጊዜ እንደማይኖር ገብቶኝ ነበር።

«ጥሩዬ፣ ለእትዬ አጸደ የነገርኳት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች።

«እናትሽስ?»

«እሷም ታውቃለች። የዚያን ዕለት ነው ያወቅነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁኝ? ለምን ጭቃ አብሬያችሁ እንድረግጥ ተዋችሁኝ?»

ጥሩዬ ትከሻዋን ነቀነቀች። «እማ ‹ልጅ ናት፤ የጠየቋት ትልልቆቹ ናቸው› አለች» አለችኝ። ከዚያ ባቡሩ ጮኸ። ጆሮዋን አልያዘችም፤ እኔም አልያዝኩም። በመስኮት በኩል ለረጅም ጊዜ አየኋት፤ ፊቷ ትንሽ፣ ከዚያ ነጥብ፣ ከዚያ ምንም ሆነ።

እስከ ጥር ድረስ ከአዲስ አበባ የሚወርድ ባቡር ሁሉ ሲመጣ ጣቢያው እሄድ ነበር። ስሟን የሚመስል ሲጠራ እዞራለሁ። የተዉት ጎጆ ከብት ገባበት፤ ቦረቦሩ ውስጥ የቆፈርንበት ቦታ በጎርፍ ተሸረሸረ። አንድ ቀን እናቴ ጣቢያ ድረስ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ስለ እትዬ አጸደ ያን ጊዜ ነገርኳት፤ እያለቀስኩ።

«አንቺ ያየሽውን ነው የተናገርሽው» አለችኝ። «እኔ ግን የማውቀውን ዝም አልኩ። ሹሙ በራችን ላይ ቆሞ ሲጠይቀኝ ‹ውሸት ነው› ብል ኖሮ ማንም ከገበያ አይነሳም ነበር።»

በዚያው ሳምንት ይመስለኛል፣ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ወፍጮ ቤት ወረፋ ስንጠብቅ፣ አንዷ የዚያን ቀን ነገር አንስታ እናቴን ታሞግስ ጀመር። አብዛኞቹ ራሳቸው እዚያ ነበሩ፤ አሁን ግን ሁሉም ከእናቴ ጎን እንደቆሙ ያህል ነው የሚያወሩት። «ደብሪቱ ባትኖር አልቀው ነበር። ያዳነቻቸው እሷ ናት» አለች ሴትዮዋ።

እናቴ እህሏን የያዘውን ቁና መሬት አስቀምጣ ቀና አለች።

«እኔ አላዳንኳቸውም» አለች። «ብናድናቸው ኖሮ ዛሬም ጎረቤቶቻችን ነበሩ።»

ተራችን ደርሶ ነበርና እህላችንን ይዘን ገባን።